ፋይሉ ከመከፈቱ በፊት፦ ከገዳሪፍ እስከ መተማ በኢሜይል አባሪ ስለሚገባው አደጋ

ገዳሪፍ የምትሞቀው አዝመራ ሲገባ ነው። ከጥቅምት በኋላ ሰሊጥና ማሽላ የጫኑ መኪኖች ከየእርሻው ወደ ከተማዋ የእህል ገበያ ይጎርፋሉ። ጨረታው ይደራል፤ የነጋዴው፣ የደላላው፣ የጫኝና አውራጁ እግር ከንጋት ጀምሮ አያርፍም። 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ወዲህ፣ ከጋላባት ማዶ ያለችው መተማ ዮሐንስም በዚያው ወቅት በዚያው ሰሊጥ ትጠመዳለች። መንገዱ በጦርነትና በጸጥታ ችግር አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት ኖሯል። መኪና ቆሞ በሚከርምበት ጊዜ እንኳ የማይቆም ነገር ቢኖር ግን የሰነድ መላላክ ነው።

ሰሊጥ የሚልክ አንድ ድርጅት ወይም የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽም አንድ ትራንዚተር ጠዋት ኢሜይሉን ሲከፍት የሚጠብቀውን ክምር አስቡት። ፕሮፎርማ፣ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ የባንክ ኤልሲ፣ የእፅዋት ጤና ሰርተፊኬት፣ የመርከብ ጭነት ሰነድ አለ። ላኪው አንዳንዴ የሚያውቀው ሰው ነው፣ አንዳንዴ ስሙን ሰምቶት የማያውቅ የሩቅ አገር ገዢ ነው። ሁሉም አባሪ አለው፣ ሁሉም «አስቸኳይ» ነው። መብራት ሊሄድ ይችላል፣ ኔትወርክ ሊቋረጥ ይችላል፣ ስለዚህ ግንኙነት ባለበት ሰዓት ያለው ሁሉ መከፈት አለበት። እንዲህ ባለ ጥድፊያ ውስጥ «የተስተካከለ ኢንቮይስ» የሚል ፋይል ብቅ ይላል። ምልክቱ የፒዲኤፍ ነው፣ ስሙም በፒዲኤፍ ያለቀ ይመስላል። ሠራተኛው ሁለት ጊዜ ጠቅ ያደርገዋል። ምንም አይከፈትም። «ተበላሽቷል መሰለኝ» ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

የተበላሸ ፋይል ግን አልነበረም። የፋይሉ እውነተኛ መጨረሻ «.ኢኤክስኢ» ነው፤ ሰነድ ሳይሆን ፕሮግራም ማለት ነው። ዊንዶውስ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያውቃቸውን የፋይል ዓይነቶች ኤክስቴንሽን ደብቆ ስለሚያሳይ «ኢንቮይስ.ፒዲኤፍ.ኢኤክስኢ» ተብሎ የተሰየመ ፋይል በሠራተኛው ዓይን «ኢንቮይስ.ፒዲኤፍ» ሆኖ ይቀርባል። የፒዲኤፍ ምልክቱንም ፕሮግራሙን የሠራው ሰው እንደፈለገው ይለጥፍበታል። ሠራተኛው ያየው ሁሉ አጥቂው እንዲያይ የፈለገው ነው።

ለገዳሪፍ ቢሮዎች የተለየ ትኩረት የሚያሻው አንድ ሌላ ዘዴ አለ። ዓረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋሉ። ኮምፒውተር ሁለቱን አቅጣጫዎች ማስታረቅ ስላለበት በጽሑፍ መካከል የሚገቡ፣ ለዓይን የማይታዩ አቅጣጫ ቀያሪ ምልክቶች አሉ። ከእነዚህ አንዱ በፋይል ስም ውስጥ ሲገባ ከእሱ በኋላ ያሉት ፊደላት ተገልብጠው ይታያሉ። ያኔ በ«ኢኤክስኢ» የሚያልቅ ፋይል በ«ፒዲኤፍ» ወይም በ«ዶክ» ያለቀ መስሎ ይነበባል። አዲስ አበባ ላይ እንዲህ የተዘበራረቀ ስም ያየ ሠራተኛ ምናልባት ቆም ይል ይሆናል። ገዳሪፍ ውስጥ ግን በዓረብኛ ስምና በእንግሊዝኛ ቁጥር የተሰየሙ ፋይሎች ሁልጊዜም ፊደላቸው ተምታትቶ ስለሚታይ ዓይን ለምዶታል። «የፋይሉን ስም በደንብ ተመልከቱ» የሚለው ምክር ከሌላው ቦታ ይልቅ እዚህ ደካማ የሚሆነው ለዚህ ነው። ማሽኑ ግን በሚታየው ስም አይታለልም፤ የሚያነበው እውነተኛውን መጨረሻ ነው። አደገኛ የፋይል ዓይነቶችን ከደጅ የመመለስ ሥራም ለማሽኑ መሰጠት አለበት የምለው ስለዚህ ነው።

ጉዳዩ ሩቅ አገር ያለ ሰው የሚያወራው የቴክኖሎጂ ስጋት የሚመስለው አንባቢ ካለ፣ የእኛው ሰዎች ታሪክ በፍርድ ቤት መዝገብና በምርምር ዘገባ ተሰንዶ ተቀምጧል።

በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለው የምርምር ተቋም መጋቢት 2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም የተቃዋሚው ድርጅት የግንቦት 7 ሰዎችን ፎቶግራፍ ማጥመጃ አድርጎ መሰራጨቱን ገለጸ። ፎቶውን ለማየት የከፈተው ሰው ፎቶውን ያያል፤ ከፎቶው ጋር ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ነገር ገብቶ ይቀመጣል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 20 እ.ኤ.አ. በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሁለት የኢሳት ቴሌቪዥን ባልደረቦችን ለማጥመድ ሦስት ሙከራ ተደረገ። መንገዱ ኢሜይል ሳይሆን ስካይፕ ነበር፣ ዘዴው ግን ያው ነው። «ለኢሳት የሚሆን ጽሑፍ» በሚል ስም የተላከው ፋይል የሰነድ መልክ የተሰጠው ኢኤክስኢ ነበር፤ ሌላው ደግሞ የዎርድ ሰነድ ነበር። ተመራማሪዎቹ ፕሮግራሙ ሃኪንግ ቲም የተባለው የሚላኖ ኩባንያ ምርት መሆኑን ለዩ። የኢትዮጵያ መንግሥት ወገን በወቅቱ አስተባበለ።

ከሁሉ በላይ ልብ የሚነካው ግን በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖረው የአንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ጉዳይ ነው። ለራሱና ለቤተሰቡ ደኅንነት ሲል በፍርድ ቤት የታወቀው «ኪዳኔ» በሚል የምስጢር ስም ነበር። በአቤቱታው እንደተገለጸው ከጥቅምት 2012 እስከ መጋቢት 2013 እ.ኤ.አ. ፊንስፓይ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጦ የስካይፕ ጥሪዎቹን ሲቀዳ፣ ኢሜይሎቹን ሲገለብጥ ከረመ። ልጁ ለ9ኛ ክፍል የታሪክ ትምህርቱ ብሎ ስለ ስፖርት ሕክምና ያደረገው ፍለጋ ሳይቀር ተመዝግቦ ነበር። ይህ ሁሉ የገባው በአንድ የኢሜይል አባሪ ነው። ላኪው ደግሞ ጠላት አልነበረም፤ አንድ የሚያውቀው ሰው ደርሶት ያስተላለፈለት መልእክት ነበር። ኪዳኔ በ2014 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ክስ አቀረበ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ መጋቢት 14 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ክሱን ዘጋው። ድርጊቱ አልተፈጸመም ብሎ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ የውጭ መንግሥት እንዲህ ባለ በደል የሚከሰሰው በደሉ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ምድር ላይ የተፈጸመ ከሆነ ነው፤ ሐሳቡና ትእዛዙ ከውጭ ስለመጣ ዳኞቹ አናይም አሉ። ያ አባሪ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ኪዳኔን የሚክስ ሕግ አልተገኘም።

ሱዳንም ከዚህ የራቀች አልነበረችም። ሲቲዝን ላብ በየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. የሃኪንግ ቲም ደንበኞች ናቸው ብሎ የጠረጠራቸውን 21 አገሮች ሲዘረዝር ኢትዮጵያም ሱዳንም ነበሩበት። የመተማ ሰውና የጋላባት ሰው በአንድ ዝርዝር ላይ ገቡ ማለት ነው። ኩባንያው ራሱ በሐምሌ 2015 እ.ኤ.አ. ተጠልፎ 400 ጊጋባይት ሰነዱ ሲዘረገፍ፣ የሱዳን የስለላ መሥሪያ ቤት በ2012 እ.ኤ.አ. 480,000 ዩሮ መክፈሉ ከውስጡ ወጣ። የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ፓነል ከዚያ በፊት ስለዚሁ ሽያጭ ኩባንያውን በደብዳቤ ሲጠይቅ ነበር።

አሁን ወደ ገዳሪፍ ቢሮዎች እንመለስና የፋይል ካቢኔታቸው ውስጥ ምን እንዳለ እናስብ። እዚያው ገዳሪፍ ግዛት ያለው ኡም ራኩባ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ድርቅና ጦርነት ያፈናቀላቸውን ኢትዮጵያውያን ያስጠለለ ጣቢያ ነው። ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ከመወሰዳቸው በፊት የተጠለሉት እዚያና በገዳሪፍ ዙሪያ ነበር። ከ36 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር፣ ያው ቦታ በሐምዳይት በኩል ተከዜን ተሻግረው ለመጡ ስደተኞች እንደገና ተከፈተ፤ ቱናይድባ የተባለ ጣቢያም ተጨመረ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ራሷ ገዳሪፍ የተፈናቃይ ከተማ ሆነች። በዚህ ሁሉ ጊዜ የተመዘገበው ስም፣ የቤተሰብ ቁጥር፣ የትውልድ ቀበሌ፣ የጠፋ ልጅ ፎቶ፣ የጤና ካርድ የሚቀመጠው በኮምፒውተር ነው፤ የሚላከውም በኢሜይል ነው። የነጋዴው ኪሳራ ገንዘብ ነው። እዚህ ግን የሚወጣው ሰው የሸሸበትን ምክንያት የያዘ ወረቀት ነው።

እንዲህ ያለ መረጃ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ዓለም በ2022 እ.ኤ.አ. አይቷል። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጥር ላይ፣ የተነጣጠሉ ቤተሰቦችን የሚያገናኝበት ሥርዓት ተጠልፎ ከ515,000 በላይ ሰዎች መረጃ ለአደጋ መጋለጡን አስታወቀ። ሰርጎ ገቦቹ የገቡት በአባሪ ሳይሆን በወቅቱ ባልታደሰ አንድ ሶፍትዌር ቀዳዳ ነበር። ኮሚቴው ሥርዓቱን ለመዝጋት ስለተገደደ የጠፋ ዘመዳቸውን የሚፈልጉ ሰዎች ሥራ ተስተጓጎለ። ጄኔቫ የተቀመጠ፣ ባለሙያ የሞላው ድርጅት ይህ ከደረሰበት፣ በገዳሪፍ ሦስት ላፕቶፕ ይዞ የሚሠራ አነስተኛ የእርዳታ ቢሮ ቢያንስ በርካሽ የሚዘጉትን በሮች ክፍት መተው የለበትም።

በርካሽ ከሚገኙት መዝጊያዎች አንዱ የአባሪ እገዳ ነው። የመጣውም በትልቅ ውድመት ምክንያት ነው። ግንቦት 4 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. «እወድሃለሁ» የሚል ርእስ ያለው ኢሜይል ከፊሊፒንስ ተነስቶ ዓለምን አዳረሰ። አባሪው የፍቅር ደብዳቤ የሚል ስም ያለው ተራ የጽሑፍ ፋይል ይመስል ነበር፤ የተደበቀው መጨረሻው ግን «.ቪቢኤስ» የሚባል ትእዛዝ አስፈጻሚ ፋይል ነበር። የከፈተው ሰው አድራሻ መዝገብ ውስጥ ላሉት ሁሉ ራሱን እየላከ፣ ፎቶና ሰነድ እያጠፋ፣ ከወዳጅ ወደ ወዳጅ ተዛመተ። የፊሊፒንስ ሕግ በጊዜው እንዲህ ያለውን ወንጀል ስለማያውቅ ሠሪው ሳይቀጣ ቀረ። ማይክሮሶፍት በሚቀጥለው ወር ለኢሜይል ፕሮግራሙ ለአውትሉክ 98 እና 2000 አደገኛ አባሪዎችን የሚያግድ ማሻሻያ አወጣ፤ ከዚያ በኋላ የተሠሩት አውትሉኮችም እገዳውን ይዘው ተወለዱ።

አሠራሩ ይህ ነው። አውትሉክ የፋይል ዓይነቶችን በደረጃ ይከፍላል። በመጀመሪያው ደረጃ ያሉት፣ ማለትም «.ኢኤክስኢ»፣ «.ቪቢኤስ»፣ «.ጄኤስ»፣ «.ባት»፣ «.ኤስሲአር»፣ «.ኤልኤንኬ» እና መሰሎቻቸው፣ ሙሉ በሙሉ ይታገዳሉ። መልእክቱ ይደርሳል፣ አባሪ እንዳለው የምታሳየው የወረቀት መያዣ ምልክትም ትታያለች፤ ፋይሉ ግን አይከፈትም፣ አይወርድም። ከላይ ለደኅንነት አስጊ ሊሆን የሚችል አባሪ መታገዱን የሚገልጽ አንድ መስመር ይነበባል። በሁለተኛው ደረጃ የሚገባ ፋይል መጀመሪያ ዲስክ ላይ መቀመጥ አለበት፤ በቀጥታ ከኢሜይሉ አይከፈትም። ይህ ሁለተኛ ዝርዝር አስተዳዳሪው ካልሞላው ባዶ ነው፤ ብዙ ቢሮ ይህን አያውቅም።

ይህ በሠራተኛው ማሽን ላይ ያለው አጥር ነው። የተሻለው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ኢሜይሉ ሰርቨሩ ላይ እያለ የሚደረገው ፍተሻ ነው። ማይክሮሶፍት 365 የሚጠቀም ቢሮ ከ50 በላይ የፋይል ዓይነቶችን የሚመልስ የተዘጋጀ ማጣሪያ አለው። ማጣሪያው ማክሮ የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ያዘለውን የዎርድ ሰነድ «.ዶክኤም»ን፣ የዲስክ ምስል የሆነውን «.አይኤስኦ»ን፣ የአንድሮይድ መጫኛ የሆነውን «.ኤፒኬ»ን ጭምር ይይዛል። ስሙን ብቻም ሳይሆን የፋይሉን ውስጣዊ ዓይነት ለመለየት ይሞክራል፤ ስለዚህ ኢኤክስኢውን «.ቲኤክስቲ» ብሎ በመሰየም ማሳለፍ ቀላል አይሆንም። ጂሜይልም ኢኤክስኢን አያሳልፍም፤ «.ጄኤስ»ን ደግሞ ከየካቲት 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሏል። ብዙው ትንሽ ቢሮ በነጻ ጂሜይል ስለሚሠራ ሳያውቀው ከዚህ ጥበቃ ተጠቃሚ ነው።

ዝርዝሩ ግን ተጽፎ የሚያልቅ አይደለም። ማይክሮሶፍት በ2022 እ.ኤ.አ. ከኢንተርኔት የመጡ የኦፊስ ማክሮዎችን በነባሪ ሲዘጋ አጥቂዎች ወደ አይኤስኦና ወደ ኤልኤንኬ ዞሩ። በ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ደግሞ ማንም ያልጠረጠረውን የዋንኖት ማስታወሻ ፋይል መሣሪያ አደረጉት። በ2025 እ.ኤ.አ. አጋማሽ አውትሉክ ሁለት አዳዲስ ዓይነቶችን ጨመረ፤ አንደኛው፣ «.ላይብረሪ-ኤምኤስ» የሚባለው፣ የዊንዶውስ የይለፍ ቃል አሻራ ለማሾለክ ሲውል ተገኝቶ ነበር። በዓመት አንዴ እንኳ ዝርዝሩን የሚያይ ሰው የሌለው ቢሮ ያለፈውን ዓመት ሌባ ብቻ እየጠበቀ ነው።

ከቴክኒኩ ይልቅ የሚከብደው ሰው ነው። እገዳው በተጀመረ ማግስት ስልክ ይደወላል፦ «ፋይሉ አልከፈት አለኝ፣ ክፈቱልኝ።» ሥራ አስኪያጁ ራሱ ከሆነ የሚደውለው፣ የአይቲ ሠራተኛው እሺ ከማለት ሌላ ምርጫ ያለው አይመስለውም። አውትሉክ ውስጥ አንድን የፋይል ዓይነት ከእገዳው የሚያወጣ ማስተካከያ አለ፤ አንዴ ለአንድ ሰው ከተነካ ግን እንደተነካ ይቀራል፣ የሚመልሰው ሰው አይገኝም። ስለዚህ ልዩ ፈቃድ የሚባለው ነገር ሠራተኛው በራሱ ማሽን ላይ የማይነካው መሆን አለበት፤ አስተዳዳሪው በመመሪያ ሊቆልፈው ይችላል። የሶፍትዌር ፋይል የግድ መቀበል ካለበት በታወቀ የፋይል ማስቀመጫ በኩል ይምጣ፣ የሚመለከተው ሰው በስልክ አረጋግጦ ያውርደው። «ስሙን ቀይረህ ላክልኝ» እና «ዚፕ አድርገህ በይለፍ ቃል ዝጋው» የሚሉት ዘዴዎች በየቢሮው የተለመዱ ናቸው። ሁለተኛው በተለይ አደገኛ ነው። በይለፍ ቃል የተቆለፈ ዚፕ ውስጡ አይታይም፣ ፈታሹ ማጣሪያም ሳያየው ያልፋል። የይለፍ ቃሉ እዚያው ኢሜይል ላይ ተጽፎ የመጣ ዚፕ ካጋጠማችሁ ምስጢር ለመጠበቅ ሳይሆን ከፍተሻ ለማምለጥ የተቆለፈ ነው ብላችሁ ጀምሩ።

እገዳው የማያስቆመውንም በግልጽ መናገር ይገባል። ኪዳኔን ያጠመደው የዎርድ ሰነድ ነበር፤ ዎርድንና ፒዲኤፍን አግዶ የሚሠራ ቢሮ ደግሞ የለም። ለእነዚህ መድኃኒቱ ኦፊስንና ዊንዶውስን ማደስ፣ ማክሮን መዝጋት ነው። የሰሊጥ ነጋዴውን በአንድ ቀን ሊያራቁት የሚችለው ኢሜይል ደግሞ አባሪ ላይኖረው ይችላል፦ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል፣ ክፍያውን በዚህ ቁጥር አስገቡ» የሚል ሁለት መስመር ብቻ። ይህን በቀድሞው ስልክ ቁጥር ደውሎ ማረጋገጥ እንጂ ምንም ማጣሪያ አይዘውም።

በዚህ አካባቢ ግን ትልቁ ቀዳዳ ሌላ ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ሱዳንም በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ኔትወርኳ ባብዛኛው ጠፍቶ ሰው ወደ ስታርሊንክ የሳተላይት ኢንተርኔት ሲሰለፍ ከረመ። ግንኙነት ሲጠፋ ፋይል አይቆምም፤ በፍላሽ ይጓዛል። ከቢሮ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ጉምሩክ፣ ከጉምሩክ ወደ ባንክ የሚዞር ፍላሽ በየደረሰበት የሚሰካበት ማሽን ሁሉ የያዘውን ይዞ ይመለሳል። አቃፊዎችን ደብቆ በምትካቸው ራሱ የሠራቸውን አቋራጮች፣ ኤልኤንኬዎችን፣ የሚያስቀምጥ ቫይረስ የማያውቅ የፎቶ ኮፒ ቤት ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም። ያው ኢሜይሉ ላይ የታገደ የፋይል ዓይነት ነው፣ በሌላ በር የገባ። በዋትስአፕና በቴሌግራም የሚላክ ኤፒኬም እንዲሁ። በጥሬ ገንዘብ እጥረት ምክንያት ሱዳን ውስጥ ገበያው ባንከክ በተባለው የስልክ መተግበሪያ በሚንቀሳቀስበት በዚህ ጊዜ፣ «የታደሰ መተግበሪያ» ተብሎ በመልእክት የመጣ ፋይል ከቢሮው ኢሜይል ይልቅ የነጋዴው ስልክ ላይ ቢከፈት ጉዳቱ የፈጠነ ነው።

ስለዚህ አንድ ትንሽ ቢሮ ከዛሬ ከሰዓት በኋላ ሊጀምር የሚችለው ሥራ አለ። በየኮምፒውተሩ ላይ የፋይል መጨረሻ እንዲታይ ማድረግ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሰርቨር ላይ ያለውን ማጣሪያ አብርቶ ዝርዝሩን ማየት፣ የተቆለፈ ዚፕ ወደ ማቆያ እንዲሄድ ማድረግ፣ ማቆያውን በቀን ሁለት ጊዜ የሚከፍት ሰው መመደብ ይቻላል። ለፍላሽ ደግሞ ከኔትወርክ የተለየ፣ ጸረ ቫይረሱ የታደሰ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ በር አካባቢ ይቀመጥና እዚያ ሳይፈተሽ የሚሰካ ፍላሽ አይኑር። ላኪው መልእክቱ ሲመለስበት የሚደርሰው ማስታወቂያም የፕሮግራሙ የተዘጋጀ እንግሊዝኛ ብቻ መሆን የለበትም። ገዳሪፍ ላለ ቢሮ በዓረብኛ፣ በአማርኛ፣ በትግርኛና በእንግሊዝኛ፣ በየቋንቋው ሁለት ሁለት መስመር ይጻፍበት፤ ፋይሉ ለምን እንደተመለሰ፣ ሰነድ ከሆነ በፒዲኤፍ አድርጎ እንዲልከው፣ ካልሆነም የሚደውልበት የቢሮው ስልክ።